ኮፍያ ውስጥ የቀረችው መፋቂያ

ስድብ እችላለሁ። ዝምተኛ ስለሆንኩ ብዙም አያገኘኝም፤ ቢያገኘኝም አንገቴን ደፍቼ አሳልፈዋለሁ። ያልቻልኩት ምስጋና ነው። በዚህ በጋ መርሳ ላይ የወረደብኝን ምስጋና ለጠላቴም አይስጠው።

ከከተማው ዝቅ ብሎ ባለው መስክ ላይ ሽንኩርት እናለማለን። «እኛ» ስል እናቴና እኔ ነን። መሬቱ የእሷ፣ ጉልበቱ የእኔ፣ ጭንቀቱ የጋራ። መስኩን በሙሉ የሚያጠጣው አንድ ቦይ ስለሆነ ውሃው በተራ ይሄዳል፤ ተራው ደግሞ በእጣ ይያዛል። ባለ መሬቶቹ ሾላው ሥር ይሰበሰባሉ። የውሃ አባታችን አያ ይመር ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘረጋሉ፤ መላጣቸው ፀሐይ ላይ ያበራል። ሁሉም ምልክቱን ይጥላል፤ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንዱ ጠጠር። ከዚያ የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ይጠራና፣ ዓይኑን ወደ ሾላው ቅርንጫፍ ሰቅሎ፣ እጁን ኮፍያው ውስጥ ከትቶ አንድ በአንድ ያወጣል። የወጣው ሁሉ ድንጋዩ ላይ በተራ ይደረደራል። ኮፍያው ባዶ እስኪሆን ድረስ ባለቤት ድምጹን አያሰማም፤ የማን እንደወጣና የማን እንደቀረ አውጪው እንዳያውቅ ነው። መጀመሪያ የወጣ መጀመሪያ ያጠጣል። መጨረሻ የወጣ ሰማይ ሰማይ እያየ ይከርማል።

አውጪው እኔ ነበርኩ።

የመረጡኝ ስለማላወራና ነገር ስለማጠብቅ ነው። የውሃ ሞተር ጥገና የተማርኩት ከማንም አይደለም፤ አንድ የሞተ ሞተር ገዝቼ፣ ፈታትቼ፣ ዕቃውን ጆንያ ላይ በወጣበት ቅደም ተከተል ደርድሬ፣ እንደገና ገጥሜ ነው። እስከ ዛሬም እያንዳንዱን ብሎን ከወጣበት ቀዳዳ ካልመለስኩ ሞተር አልዘጋም። ሰው ይህን አይቶ፣ ለብሎን ያልዋሸ ለሰው አይዋሽም ብሎ ደመደመ። አያ ይመርም እጣ በወጣ ቁጥር አንድ ነገር ይላሉ፤

«ይሄ ልጅ ጫት አያውቅ፣ ቁማር አያውቅ። እጁ ንጹህ ነው።»

ሕዝቡ «አሚን» ይላል። እኔም «አሚን» እላለሁ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ግን አሚን አይልም ነበር፤ እሱ ቅዳሜ የሚጫወቱትን ቡድኖች ነው የሚያሰላው።

ቁማሩን ያስተማረኝ ዝናብ ነው። ወልድያ የሞተር ዕቃ ልገዛ ሄጄ ባለ ሱቁ ለጁምዓ ሶላት ዘግቶ ወጥቷል፤ ዶፍ ሲወርድብኝ አጠገቡ ያለው ቤቲንግ ቤት ተጠለልኩ። ሰው ቤት ተጠልለው ምንም ሳይገዙ መውጣት ነውር መሰለኝ። እንዲያው ለይሉኝታ አንድ ጌም ቆረጥኩ። አሸነፍኩ። ያን ቀን ብሸነፍ ኖሮ ዛሬ የተከበርኩ ሞተር ጠጋኝ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ፣ ነገር ማጥበቅ ልማዴ አይደል፣ ኳስን እንደ ሞተር ፈታሁት። በካርታ ላይ የት እንደሆኑ የማላውቃቸውን አገሮች የሁለተኛ ዲቪዚዮን በረኞች ስም ያዝኩ። የማንን ጉልበት የትኛው ሐኪም እንዳየው አውቃለሁ። አንድ ቀን እናቴ «ላሟ ታነክሳለች፣ አላየህም እንዴ?» ስትለኝ የትኛዋ እግሯ እንደሆነ ለማየት ዞሬ መመልከት ነበረብኝ። የማላውቀው ሰው ጉልበት አሳስቦኝ፣ ወተቷን የምጠጣት ላም በአጠገቤ እያነከሰች አለፈች።

ለመተው ያልሞከርኩ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ሰኞና ሐሙስ ልጹም አልኩ። ጾምኩም። ጾሙ ግሩም ነበር፤ ሰኞና ሐሙስ አንድም ቁማር አልነካሁም። ቆይቼ ሳስበው እኔ የምከታተላቸው ጨዋታዎች ሰኞና ሐሙስ የሉም። ነፍሴ ፕሮግራሙን አይታ ነው ቀኑን የመረጠችው።

ቀጥሎ ስልኬን በቁልፍ ስልክ ለወጥኩ። ኢንተርኔት የለው፣ ጌም የለው፣ መብራት ብቻ ነው ያለው። ታዲያ የመርሳ ቤቲንግ ቤት ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ነው፤ እግር ደግሞ ኢንተርኔት አይፈልግም። እንግዲያውስ መንገድ ልቀይር ብዬ በከብት ገበያው ጀርባ ዞሬ መመላለስ ጀመርኩ። እዚያ ጀርባ የእትዬ ዘነቡ ቤት አለ፤ እትዬ ዘነቡ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው። በደጃቸው ሽው ማለቴን ቆጥረውት ኖሮ አንድ ጠዋት መንገዱ ላይ ጠበቁኝ።

«የእኔ ልጅ፣ ጫማህም አለቀ፣ አጥሬም አለቀ።»

«አቤት እትዬ?»

«አቤትማ አትበለኝ። የወንድ ልጅ ወግ ሽማግሌ መላክ ነው፣ አጥር ለአጥር መርመስመስ ነው?»

«እኔኮ... መንገድ ለመቀየር ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ሰው ሲያገባ መንገዱን ይቀይራል» ብለው መርቀውኝ ገቡ። ከቤቲንግ ቤት ሸሽቼ ሚስት ላገባ ነበር። በነጋታው ወደ ድሮው መንገድ ተመለስኩ።

ቢሆንም ማልኩ። «ወላሂ ከእንግዲህ በኳስ አልወራረድም» አልኩ፤ ለብቻዬ፣ ሽንኩርት እየኮተኮትኩ። መሐላውን ከዛፍና ኋላ ከነገርኩት ከአሊ በቀር የሰማ የለም። አሊ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፤ ቁማሬን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የእሱን እኔ አውቃለሁ። አጎቱ ጋሽ ሰይድም ከእኛው ቦይ ያጠጣሉ።

የዚህ በጋ እጣ የሚወጣበት ጠዋት አሊ ባጃጁን ሾላው አጠገብ አቁሞ፣ ሰው የሞተበት መስሎ መጣ።

«ሰማህ? ሊጉ እረፍት ነው። በዚህ ሳምንት ጌም የለም።»

«እኔን ምን አገባኝ፤ ትቻለሁ።»

«ትተሃል። ጉልበትህ ምን ያንቀጠቅጠዋል ታዲያ?»

«በርዶኝ ነው።»

«መርሳ ላይ? በዚህ ፀሐይ?» ሳቀ። ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «በአጎቴ እጣ እንወራረድ። ከፊተኞቹ ነው የሚወጣው እላለሁ። ባንከር ነው፤ የማይስት።»

«አብደሃል? አውጪው እኮ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምልክቱን አታይ! ካንተ የበለጠ ንጹህ ዳኛ የት ይገኛል? ደግሞ የማልከው በኳስ ነው፣ አይደል?»

እዚህ ላይ ነው ያፈርኩት፤ ስጽፈውም ጆሮዬ ይግላል። መሐላዬን እንደ ሞተር ፈትቼ አየሁት። እውነትም በኳስ ነው የማልኩት። ኮፍያ ደግሞ ኳስ አይደለም። እሱ ቢሸነፍ እስከ ክረምት የሞተር ዕቃዬን በነጻ ሊያመላልስ፣ እኔ ብሸነፍ እናቴ ለኢድ ያሳደገችውን ቀይ አውራ ዶሮ ልሰጥ፣ ተጨባበጥን። እሱ አጎቱ ከፊት ይወጣሉ አለ፤ እኔ ከኋላ አልኩ።

አያ ይመር ጠሩኝ። «እጁ ንጹህ ነው» አሉ። «አሚን» ተባለ። ዓይኔን ሾላው ላይ ሰቅዬ እጄን ከተትኩ።

እስከዚያ ቀን ጣቴ ኮፍያ ውስጥ ገብቶ ምንም ነገር ለይቶ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ግን ዓይን አበቀለ። ይሄ ባቄላ ነው፤ ይሄ ቁልፍ ነው፤ ይሄ ጠጠር። ቀጠለና አንዲት ለስላሳ እንጨት፣ ጫፏ ተፍቆ ጭራ ያወጣች፣ ነካሁ። መፋቂያ! ጋሽ ሰይድ ደግሞ ያለ መፋቂያ ታይተው አያውቁም። ቡና ሲጠጡ በአንድ ጉንጫቸው፣ ሲያወሩ በሌላው ነው። ሲተኙም ከአፋቸው እንደማይወጣ ሚስታቸው ይናገራሉ። ይህቺ ከእሳቸው በቀር የማን ልትሆን ነው?

ጣቴ ዘለላት።

ደግሞ ነካኋት፤ ደግሞ ዘለልኳት። ሌላውን ሁሉ እየመዘዝኩ ድንጋዩ ላይ ደረደርኩ። እሷ ኮፍያው ጥግ ላይ ቀርታ እየጠበቀችኝ ነው። ሰው ዓይኔን አይቶ «እንዴት ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ማሻአላህ» ይላል። በመጨረሻ ብቻዋን ስትቀር አወጣኋትና ከሁሉም ኋላ አስቀመጥኳት። አሊን በጎን አየሁት። አሸነፍኩ ማለት ነው።

አያ ይመር ከድንጋዩ የመጀመሪያውን ምልክት አነሱ። የፍየል በጠጥ ነበረች።

«የማን ናት?»

«የኔ ናት!» ብለው ጋሽ ሰይድ ከመሃል ተነሡ። ተነሥተው ሲስቁ አየኋቸው። መፋቂያቸው አፋቸው ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የተባለውን በቅጡ አልሰማሁም። ባቄላው የእገሌ፣ ቁልፉ የእገሊት እየተባለ ሄደ ሄደና መፋቂያዋ ላይ ደረሰ።

«ይህችስ የማን ናት?»

ከሴቶቹ በኩል አንድ እጅ ወጣ። የማውቀው እጅ ነው።

«የኔ ናት» አለች እናቴ። «ባቄላዬን ቤት ረስቼ፣ ከእጄ ያለውን ሰብሬ ጣልኩ። አልሃምዱሊላህ፣ የደረሰን ይሁን።»

ሰው በቁማር ይሸነፋል፤ ያለ ነው። ሰው አጭበርብሮ ይበላል፤ እሱም ያለ ነው። አጭበርብሮ ተሸንፎ፣ ዶሮውን አስረክቦ፣ የእናቱን ሽንኩርት የመጨረሻ ተራ ላይ ያስቀመጠ ግን በወረዳችን በሀብሩ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

አያ ይመር ኮፍያቸውን ሳይደፉ ብድግ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አያችሁ ወይ ጀመዓ? እጁ እናቱን እንኳ አላወቀም! ለእናቱ ያላደላ ለማን ያደላል? እጅህ ይባረክ! እጅህ አይንጠፍ!»

«አሚን!»

ጋሽ ሰይድ እናቴ ዘንድ ሄዱ። «እህቴ፣ ያንቺ ሽንኩርት ሥር የሚቋጥርበት ጊዜ ነው፤ ይህን ሁሉ ቀን ውሃ ካላገኘ ያልቅልሻል። የኔን ተራ ውሰጂ፤ እኔ መጨረሻ ላጠጣ።»

አላህ ያክብራቸው አልኩ በሆዴ። ተረፍኩ።

እናቴ ግን ሻሿን አጠበቀች። «አይሆንም ሰይድ። ልጄ ያላደላልኝን እኔ አዳልቼ ስሙን ላጉድፍ? ሽንኩርት ዘንድሮ ቢደርቅ ለከርሞ ይተከላል።» ከዚያ ጎንበስ ብላ መፋቂያዋን ከድንጋዩ ላይ አነሳችና በሻሿ ጫፍ ቋጠረቻት። ለማስታወሻ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ውሃው ከማሳ ማሳ ሲሄድ የእኛ ሽንኩርት ጫፉ ብጫ ሆነ፤ ከዚያ ተጎነበሰ። እኔ ምላሴ ስላልተፈታ ጀርባዬን ላኩት። ከወንዙ በጄሪካን እየቀዳሁ፣ እየተሸከምኩ፣ እግር በእግር አጠጣ ጀመር። የሰው ሞተር ጠግኜ የራሴ የለኝም። አንዲት ጄሪካን ለአንድ መደብ ምኗም አይደለችም፤ ሰው ግን መንገድ ላይ እየቆመ ይመርቀኛል። «ለእናቱ በእጣ አላደላም፣ በትከሻው ግን ይክሳታል! ውለዱ፣ እንዲህ ያለውን ውለዱ!» ይሉኛል። እትዬ ዘነቡ ሳይቀሩ ከአጥራቸው ማዶ እልል አሉ።

በዚህ መሃል እናቴ ዶሮዋን ትፈልጋለች። ሸለምጥማጥ በልቶት ነው ብላ ሸለምጥማጡን ስትረግም፣ ሸለምጥማጡ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሹሮ ይበላል። አንድ የገበያ ቀን ከገበያ ስንመለስ የአሊ ባጃጅ ቆመልን። «ግቡ፣ ላድርሳችሁ።» ዓይኔን አፍጥጬ አይሆንም ብለውም አልገባውም። ተሳፈርን። ጥቂት እንደሄድን ከኋላችን፣ ከዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ፣

«ኩኩሉ!»

እናቴ ቀና አለች። «ይሄ የኔ ዶሮ ነው።»

«ዶሮ ሁሉ አንድ ነው እማ» አልኩ።

«ያሳደግኩትን ድምጽ አላውቅም? አሊ፣ አቁም እስቲ!»

አሊ አቆመ። መቼስ ምላሱ ከባጃጁ ይፈጥናል። «እማ፣ እንግዲህ ላይደበቅ ነገር... ሰደቃ ነው። ልጅሽ ለአንድ ሚስኪን አድርስልኝ ብሎ ሰጥቶኝ፣ ማንም እንዳይሰማ አደራ ብሎኝ ነው። እናቴን አደራ እንዳትነግራት ነው ያለኝ።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። ከዚያ እዚያው ባጃጅ ውስጥ ግንባሬን ሳመችኝ። ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ዞር ስል ቀይ አውራ ዶሮው በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ከአሊና ከእኔ ሌላ እውነቱን የሚያውቅ እሱ ነበር፤ ደግነቱ ከኩኩሉ ሌላ አይናገርም።

ዝናዬ ጎረቤት ከተማ ውርጌሳ ደረሰ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሾላው ሥር ተጠራሁ፤ ስሄድ ባለ መሬቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ መሃል ላይ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ ሽርጣቸውን አጥብቀው ተቀምጠዋል።

«እኛ ውርጌሳ በውሃ እጣ እየተጣላን ነው» አሉ። «ለእናቱ ያላደላ ልጅ መርሳ አለ ሲባል ሰማን። እጁን ልዋስ መጣሁ።»

«እናውሳለን!» አሉ አያ ይመር፣ የራሳቸውን በሬ የሚያውሱ ያህል ደረታቸውን ነፍተው። «ተነሥ፣ እጅህን አሳያቸው።»

ተነሣሁ። እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ በኩራት ታየኛለች። እጇ ላይ የጄሪካኔ ውሃ ያልደረሳት አንዲት ሽንኩርት አለች፤ ጠዋት ነቅላ ያመጣቻት፣ ገና ጠጠር የምታክል ራስ ያላት፣ ቅጠሏ የተኛ። ልትደብቃት ነጠላዋ ውስጥ ስትከት አየሁ። ደርቋል ብላ ማማረሯ ስሜን የሚያጎድፍ መስሏት ነው።

«እጄ...» አልኩ። መዳፌን ዘረጋሁ። «እጄ ንጹህ አይደለም።»

«አፈር ነክታ ይሆናል» አሉ አያ ይመር።

«አይደለም አያ። ቁማር ነክታለች። የእጣው ዕለት በጋሽ ሰይድ ተራ ተወራርጄ ነበር። መፋቂያዋ የእሳቸው መስላኝ ሆን ብዬ ዘለልኳት። እስከ መጨረሻው እየዘለልኩ ነው ያወጣሁት። ዶሮውም ሰደቃ አይደለም። ተበልቶብኝ ነው።»

ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ተናግሬ አላውቅም። ከሴቶቹ በኩል የእትዬ ዘነቡ ድምጽ ወጣ፤ «ወይ ጉዴ! እኔ ደግሞ እልልታዬን በትኜ!»

ጋሽ ሰይድ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ፤ እንደዚያ ሲያደርጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «በኔ መፋቂያ!» አሉ። ሊቆጡ ነው ስል ሳቅ አፈናቸው። አያ ይመር ግን አልሳቁም። እየሳቁ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት፤ የተሰረቀ ነገር እንዳለ የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር።

«እጣው ፈርሷል» አሉ። «ያጠጣ አጠጥቷል፤ ይሁንለት። ያልደረሰው አሁን እንደገና ምልክቱን ይጣል።»

እኔ ልሄድ ዞርኩ።

«የት ነው? ከዚህ አትሄድም። ስታወጣ ኖረሃል፤ እስቲ ደግሞ እንደ ሰው ተቀምጠህ እጣ መጠበቅ ተማር።»

ማን ያውጣ ተባለ። ሁሉም ዙሪያውን አየ፤ እዚያ የማንንም ምልክት የማያውቅ፣ ከማንም ጋር የማይዛመድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የውርጌሳው ሽማግሌ ሽርጣቸውን አጥብቀው ተነሡ።

«እጅ ልዋስ መጥቼ እጄን ላውስ!» አሉና ወደ ሾላው ማዶ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን።

አሊ ሹልክ ሲል ሸሸ ብዬ ነበር፤ ለካ ወደ ባጃጁ ነው የሄደው። ዶሮውን ይዞ መጥቶ እናቴ እግር ሥር አስቀመጠው። እናቴም ከዶሮው ጅራት አንዲት ቀይ ላባ ነቅላ ኮፍያው ውስጥ ጣለች። ከዚያ የሻሿን ጫፍ ፈታች። መፋቂያዋን አወጣችና መጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ሲያምርህ ይህቺን ንከስ» አለች። ብትመታኝ እመርጥ ነበር።

አሊ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሽማግሌው ተመልሰው እጃቸውን ኮፍያው ውስጥ ከተቱ። የልቤ ምት ያው የቅዳሜው ነው፤ ኳሷ በበረኛውና በጎሉ መካከል ስትሆን ያለው። ለካ ልቤ ኳስና ሽንኩርት አይለይም።

«ስማ» አለ አሊ በጆሮዬ። «ላባዋ ቀላል ናት፤ ከላይ ነው የምትንሳፈፈው። መጀመሪያ ትወጣለች። ባንከር ናት! አትወጣም የምትል ከሆነ ተናገር። በባዶ። እንዲያው ለጨዋታ።»

አፌ ሊከፈት ነበር። ስለ ላባ ክብደት፣ ስለ ኮፍያው ጥልቀት፣ ስለ ሽማግሌው ጣት ውፍረት አስቤ ጨርሼ ነበር። እኔም የምለው መጀመሪያ ትወጣለች ነው። መፋቂያዋን አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኳት። ወይራ ናት፤ ትመራለች።

ሽማግሌው እጃቸውን አወጡ። በጣታቸው መካከል ያለችውን ቀይ ላባ ነፋስ ያወዛውዛታል።

«አላልኩህም!» አለ አሊ ጉልበቴን እየመታ።

የሰው ሁሉ ተራ ተለይቶ እናቴ «የኔ ናት» ስትል፣ ሰዉ «አልሃምዱሊላህ!» ሲል፣ በእኔ ራስ ውስጥ ግን አንድ ድምጽ «አውቀህ ነበር እኮ፣ ብታስይዝ ትበላ ነበር» ይለኛል። መፋቂያዋን ድጋሚ ነከስኳት። አካፋዬን አንሥቼ ቦዩን ልከፍት ወረድኩ። ውሃው አቧራውን እየገፋ፣ ቅጠልና ገለባ ተሸክሞ የእኛ ማሳ አፍ ላይ ሲደርስ፣ እናቴ ከሽንኩርቱ ዳር ቆማ ታየው ነበር። ቀና ብዬ አላየኋትም።

መፋቂያዋ ከዚያ ወዲህ አልቃ ሌላ ቆርጫለሁ። ጋሽ ሰይድ ባገኙኝ ቁጥር አፌን እያዩ ይስቃሉ። ጥርሴ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደዚህ ነጥቶ አያውቅም።